«ነፃ ነህ» የሚለው ወረቀት እስከ መቼ ያለውን ያውቃል?



ባለፈው ሳምንት በውስጥ መስመር ከደረሱኝ መልእክቶች አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ የዛሬ ዘጠኝ ቀን ያለ ኮንዶም ግንኙነት አድርጌ ነበር። ጭንቀቱ እንቅልፍ ነሳኝ። ትናንት ዳንግላ ሄጄ ተመረመርኩ፣ ኔጌቲቭ ነህ ተባልኩ። አሁን ነፃ ነኝ ማለት ነው?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል። ቀኑ ይለያያል፤ አንዱ አምስት ቀን ይላል፣ ሌላው ሃያ ቀን፣ ሌላዋ ሁለት ወር። መጨረሻው ግን አንድ ነው፦ «ነፃ ነኝ ማለት ነው?» መልሴ ብዙዎችን አያስደስትም። የዘጠነኛው ቀን ምርመራ ስለዚያች ሌሊት ምንም አልተናገረም። የተናገረው ከዚያ በፊት ስለነበረው ሕይወትህ ነው።

ይህን የምጽፈው ምርመራውን ለማጣጣል አይደለም። በጤና ጣቢያዎቻችን ጣት ተወግቶ በሃያ ደቂቃ አካባቢ ውጤት የሚሰጠው ኪት በጊዜው ከተሠራ እጅግ አስተማማኝ ነው። የእኔ ቅሬታ ከቃሉ ጋር ነው። እኛ ባለሙያዎች «ነፃ ነህ» እንላለን፤ ተመርማሪውም ይህንኑ ይዞ ይወጣል። በአማርኛችን ነፃ የሚባለው መዝገቡ የተዘጋለት ሰው ነው። የኤች አይ ቪ ምርመራ ግን እንደዚያ አይፈርድም። በእርግጠኝነት የሚያውቀው ከሦስት ወር በፊት የነበረውን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስላለው የሚያውቀው በከፊል ነው፣ ስላለፈው ሳምንት ደግሞ ጭራሽ አያውቅም። ስለዚህ «መቼ ነበር?» ሳይባል የተሰጠ ውጤት በእኔ እምነት ግማሽ ውጤት ነው። መጠየቅ ያለበት ባለሙያው ነው። እሱ ካልጠየቀ ግን እናንተ ንገሩት።

ምክንያቱ ይህ ነው። ጣት ላይ የሚደረገው ኪት የሚፈልገው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነታችን ቫይረሱን ለመዋጋት የሚሠራውን አንቲቦዲ ነው። ቫይረሱ ከገባ በኋላ አንቲቦዲው ተሠርቶ ኪቱ ሊያየው እስኪችል ድረስ ሳምንታት ያልፋሉ። ዊንዶው ፔሬድ የሚባለው ይህ መሃል ላይ ያለው ጊዜ ነው። የአዊ ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ድንች በተከለ በሳምንቱ ማሳው ዳር ቆሞ ቢያይ አፈር ብቻ ነው የሚታየው፤ አልተተከለም ግን አይልም። አንድ ልዩነት አለ። ዊንዶው ፔሬድ ላይ ባለ ሰው ደም ውስጥ የቫይረሱ መጠን በጣም ከፍ ስለሚል ወደ ሌላ ሰው የመተላለፍ ዕድሉም ከፍተኛ ነው። ይህ የሚሆነው ኪቱ «የለም» በሚልበት ሰዓት ነው።

ቀኖቹን በቁጥር ልንገራችሁ። አንቲቦዲ ብቻ የሚያይ ፈጣን ምርመራ ኤች አይ ቪ መግባቱን የሚያሳየው ከተጋለጡ ከ23 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ነው። አንዳንዱ ላይ በአራተኛው ሳምንት ይታያል፣ አንዳንዱ ላይ ይዘገያል። ከደም ሥር በተወሰደ ደም በላቦራቶሪ የሚሠራ፣ አንቲቦዲውንም የቫይረሱን አካል የሆነውን አንቲጅንም አንድ ላይ የሚፈልግ ምርመራ ከ18 እስከ 45 ቀን ይወስዳል። ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገው ፒሲአር ደግሞ ከ10 እስከ 33 ቀን። «ታዲያ ለምን ፒሲአር አታዙልኝም?» የሚል አለ። በአገራችን ይህ ምርመራ በዋናነት የሚውለው ለሕፃናትና መድኃኒት ላይ ያሉ ሰዎችን የቫይረስ መጠን ለመከታተል ነው። እንጅባራም ሆነ ዳንግላ፣ ቻግኒም ሆነ ጃዊ ጣቱን የሚወጋ ሰው መያዝ ያለበት ቁጥር 90 ቀን ነው።

እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ይጠበቅ ማለቴ አይደለም። ዛሬውኑ መመርመር ጥቅም አለው፤ ከዚህ ቀደም የገባ ነገር ካለ ይታወቃል። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሲደገም ኔጌቲቭ ከሆነ ትልቅ የምሥራች ነው፣ ቀለል ብሎ መተንፈስ ይቻላል። በሦስት ወር ሲደገም ኔጌቲቭ ከሆነ፣ በመሃል ሌላ መጋለጥ ካልነበረና መድኃኒት ካልተወሰደ ያ ጉዳይ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እየሄዱ ጣትን ማስወጋት በሽታን መፈለግ ሳይሆን ጭንቀትን መቀለብ ነው። አስራ አንድ ጊዜ የተመረመረ ሰው አግኝቼ አውቃለሁ። እሱ የሚያስፈልገው አስራ ሁለተኛ ኪት ሳይሆን ስለ ጭንቀቱ የሚያነጋግረው ሰው ነበር።

«እኛ የሰማነው ስድስት ወር ነው» የምትሉም ልክ ናችሁ፣ ይባል ነበር። የመጀመሪያው የኤች አይ ቪ የደም ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ ፈቃድ ሲያገኝ ዋና ዓላማው የሚለገስን ደም ማጣራት ነበር። የዚያን ዘመን ኪቶች አንቲቦዲውን ለማየት ከዛሬዎቹ የበለጠ ጊዜ ይፈልጉ ስለነበር ምክሩም ረዘም ያለ ነበር። ኪቶቹ ተሻሻሉ፣ የድሮው ምክር ግን በሰው አፍ ቀረ። ደም ካነሳሁ አይቀር፣ ለመመርመር ብላችሁ ደም የምትለግሱ አላችሁ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ዊንዶው ፔሬድ ላይ ያለ ደም የደም ባንኩን ምርመራም ሊያልፍ ይችላል፤ የሚሰጠው ደግሞ በወሊድ ደም ለፈሰሳት እናት ወይም ለታመመ ሕፃን ነው።

በምልክት ለማወቅ መሞከርም አያዋጣም። ቫይረሱ በገባ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ሽፍታ፣ የሰውነት መቆራረጥ የሚይዘው ሰው አለ፤ ምንም የማይሰማውም አለ። ከጃዊ ቆላ ሰሊጥ ሲያጭድ ቆይቶ የመጣ ልጅ ትኩሳት ሲይዘው እሱም፣ ቤተሰቡም፣ እኛም መጀመሪያ የምናስበው ወባን ነው፤ ቀጥሎ ታይፎይድን። ብዙ ጊዜም ልክ ነን። ትኩሳቱ በራሱ ጊዜ ሲጠፋ ግን «ዳንኩ» ብሎ ነገሩን መርሳት አለ። በተቃራኒው ጉሮሮው በከረከረው ቁጥር «በቃ ያዘኝ» ብሎ የሚያለቅስም አለ። ሁለቱም የሚለዩት በኪትና በቀን ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ለዘጠኝ ቀኑ ልጅ የከፋኝ ቶሎ መመርመሩ አይደለም። ከሦስት ቀን በፊት አለመምጣቱ ነው። ከተጋለጡ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ፤ በጤና ተቋም ፔፕ ይባላል። በሰዓታት ውስጥ ሲጀመር ይበልጥ ይሠራል፣ 72 ሰዓት ካለፈ ግን አይሰጥም። አብዛኛው ሰው ስለ ምርመራ ሰምቷል፤ ስለዚህ መድኃኒት የሰማው ግን ጥቂት ነው። የሰማውም በመርፌ ለተወጋ ነርስ ብቻ የሚሰጥ ይመስለዋል። ፔፕ የወሰደ ሰው የምርመራ ቀጠሮውን ከሚከታተለው ባለሙያ ጋር ይያዝ፤ መድኃኒቱ የአንቲቦዲውን መታየት ሊያዘገይ ስለሚችል በራሱ ቆጠራ ቀድሞ መደምደም የለበትም።

ወላጆች፣ ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብቡልኝ። ልጃችሁ ተደፍራ ከሆነ፣ ወይም ልጃችሁ ተደፍሮ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ሆስፒታል ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ሽማግሌ የሚሰበሰበው፣ ዘመድ የሚመከረው፣ «ስማችን እንዳይነሳ» የሚባለው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይሁን ወይም ጭራሽ አይሁን። እኔ የማውቀው፣ አርብ የተጎዳች ልጅ ሽምግልናው ሰኞ ተጀምሮ ረቡዕ ሲፈርስ ሐሙስ ወደ እኛ ስትመጣ ነው። አምስት ቀን ከስድስት ቀን። ፔፕ መስጠት አልቻልንም፤ እርግዝና መከላከያውም እስከ አምስት ቀን ድረስ ነበር የሚሠራው። እንዲህ ያለ ነገር ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ልጅቷን አታጥቧት፣ የለበሰችውን ልብስ አትጠቡ፣ ይዛችኋት ኑ። ሌሊትም ቢሆን።

ሌላው ጉዳይ የጋብቻ ምርመራ ነው። በብዙ ቦታ ከሥርዓተ ጋብቻ በፊት የምርመራ ወረቀት ይጠየቃል፤ ይህም የብዙ ሰው ሕይወት አድኗል ብዬ አምናለሁ። ችግሩ ሰዓቱ ነው። በእኛ ዘንድ ሰርግ ጥር ላይ ይበዛል። እንጅባራ ላይ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ከተማው በሙሽራና በዘመድ ይሞላል። ሙሽራው እስከ ኅዳር መጨረሻ ሥራ ላይ፣ ከቤቱ ርቆ ይቆያል፤ ታኅሣሥ መጨረሻ ይመረመራል፤ ወረቀቱን ያስገባል፤ ጥር ይሰርጋል። ወረቀቱ የሚያውቀው እስከ መስከረም መጨረሻ ያለውን ነው። ጥቅምትና ኅዳር አልተመረመሩም። ምርመራው ከሰርጉ ሦስት ወር ቀድሞ ተደርጎ ሰርጉ ሲቃረብ ቢደገም፣ በመሃልም ሁለቱ ቢታመኑ፣ ያ ወረቀት እውነተኛ ዋጋ ይኖረዋል። ሰርጉ ደርሶ ጊዜ ከሌለ ደግሞ ኮንዶም አለ፤ ሦስት ወር ረጅም አይደለም።

አንዳንድ ወላጆች የልጃቸውን ወይም የአማቻቸውን ውጤት ከእኛ ሊቀበሉ ይመጣሉ። አንሰጥም። ውጤቱ የተመርማሪው ነው። እናትየዋ ብትቆጣም፣ አባትየው «እኔ አይደለሁ የምድር?» ቢሉም። ወላጅ ማድረግ የሚችለው «መቼ ነው የተመረመራችሁት? ደግማችሁ ትሄዳላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ይህ ጥያቄ ከወረቀቱ ይበልጥ ይጠቅማል።

ስለ እናቶች ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ዊንዶው ፔሬድ የሚያስከፍለው ትልቁ ዋጋ እዚህ ነው። እርጉዝ ሴት በመጀመሪያው የቅድመ ወሊድ ክትትል ትመረመራለች። ኔጌቲቭ ከሆነች ካርዷ ላይ ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚያስታውሰው የለም። ግን ባልየው በእርግዝናው መሃል ከሥራ ተመልሶ መጥቶ ይሆናል። አዲስ የገባ ቫይረስ በደም ውስጥ መጠኑ ከፍተኛ ስለሆነ በእርግዝና ወይም በጡት ወደ ልጅ የማለፉ ዕድል ትልቅ ነው። እናትየዋም «ተመርምሬ ነፃ ተብያለሁ» ብላ ታጠባለች። አትዋሽም፤ ወረቀቱም አይዋሽም፤ የቆየ ወሬ ነው እንጂ። የመጋለጥ ሥጋት ካለ በእርግዝናው መጨረሻ ላይ ወይም በምጥ ሰዓት ይደገምልኝ በሉ፤ ስታጠቡም እንዲሁ። ባልም አብሮ ይምጣ። ቫይረሱ ቢገኝ እንኳ ብዙ የሚሠራ ነገር አለ። ምንም ካልተደረገ ከ100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ሊያዙ ይችላሉ፤ እናትየዋ መድኃኒቷን በትክክል ከወሰደችና ሕፃኑ መከላከያውን ካገኘ ግን ይህ ቁጥር ከ5 በታች ይወርዳል።

የሕፃናት ምርመራም የራሱ ግራ መጋባት አለው። ቫይረሱ በደሟ ካለ እናት የተወለደ ሕፃን የእናቱን አንቲቦዲ ይዞ ይወለዳል፤ ይህም እስከ 18 ወር ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የሦስት ወር ሕፃን ጣቱን ወግታችሁ በአዋቂ ኪት ብታዩት «አለበት» ሊል ይችላል፤ ልጁ ግን ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው በስድስተኛው ሳምንት ከተረከዙ ጥቂት ጠብታ ደም በወረቀት ላይ ተወስዶ ወደ ላቦራቶሪ የሚላከው። እዚያ የሚፈለገው ቫይረሱ ራሱ ነው። ያ ውጤት ኔጌቲቭ ቢሆንም ልጁ እየጠባ ነውና አላለቀም፤ በዘጠነኛው ወር ይደገማል፤ የመጨረሻው የአንቲቦዲ ምርመራ ደግሞ በ18 ወሩ ይደረጋል። ጡት ያቆመው ከዚያ ዘግይቶ ከሆነ ካቆመ ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። የስድስት ሳምንቱን መልካም ዜና ሰምተው ከዚያ የሚጠፉ እናቶች አሉ። አልፈርድባቸውም፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሰውም ያያል። ደግሞ አማርኛ በደንብ ለማትሰማ እናት ይህን ሁሉ ቀጠሮ በአገውኛ የሚያስረዳት ሰው ካላገኘን ጥፋቱ የእኛ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ኪቱ «የለም» ሲል ስለሚሳሳትበት ነው። «አለ» ሲልም ሊሳሳት ይችላል፤ ይህን የሚናገር ሰው ግን ጥቂት ነው። ቀላል ስሌት እንሥራ። ከ1000 ተመርማሪ ውስጥ 10 ሰው ላይ ቫይረሱ አለ እንበል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ የተገኘው 0.9 በመቶ ስለነበር ብዙም አልራቅንም። ኪቱ ከ100 ጤነኛ ሰው በአንዱ ላይ ብቻ ይሳሳታል እንበል። ከ990 ጤነኞች ውስጥ ወደ 10 የሚሆኑትን «አለባችሁ» ይላቸዋል። እንግዲህ መስመር የታየባቸው 20 ሰዎች ውስጥ ግማሾቹ ጤነኞች ናቸው። ጥሩ የሚባል ኪት ነው እንዲህ ያደረገው። ለዚህ ነው በአንድ ኪት ብቻ ማንም ሰው «ፖዘቲቭ ነህ» የማይባለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የሚመክረው ሦስት የተለያዩ ኪቶች በተከታታይ «አለ» ሲሉ ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ያለ ሥጋት ብቻ አይደለም። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በአገራችን በሁለት የምርመራ ቦታዎች በ2620 ሰዎች ላይ አድርገውት እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ሁለት ኪቶች ሳይስማሙ ሲቀሩ ሦስተኛው እንዲፈርድ በሚደረግበት በጊዜው በአገራችን ይሠራበት በነበረው አሠራር 16 ሰዎች ቫይረሱ ሳይኖርባቸው ፖዘቲቭ ሆነው ተገኝተዋል። ሁሉም ላይ ቢያንስ አንዱ ኪት ያሳየው መስመር ደብዛዛ ነበር። ማረጋገጫ ምርመራ ሲጨመር ስህተቱ በሙሉ ጠፋ። ከዚህ የወሰድኩት ትምህርት አጭር ነው፦ ኪቶቹ ካልተስማሙ፣ ወይም መስመሩ ደብዛዛ ከሆነ፣ «ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስ» የሚላችሁ ባለሙያ ሥራውን ያውቃል። አትናደዱበት። ፖዘቲቭ የተባለ ሰውም መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት በአዲስ የደም ናሙና ይደገምልኝ ማለት መብቱ ነው። ይህ ግን መድኃኒት ከመጀመር በፊት ነው።

ለምን «በፊት» እንዳልኩ ላስረዳ። መድኃኒት ላይ ያለ ሰው፣ በተለይ ቀድሞ የጀመረ፣ በፈጣን ኪት ወይም በድድ ላይ በሚደረገው ራስን መመርመሪያ ቢሞክር አንዳንድ ጊዜ ኔጌቲቭ ሊያይ ይችላል። ቫይረሱ ሲታፈን አንቲቦዲውም ይቀንሳል። «ጸበሉ አጠፋልኝ፣ ይኸው ተመረመርኩ» ብለው መድኃኒታቸውን የጣሉ ሰዎች አውቃለሁ። ጸበሉን ተጠመቁ፣ ጸልዩ፣ እኔም የማምንበት ነው። መድኃኒቱን ግን አትጣሉ፤ ሲቆም ቫይረሱ ከተደበቀበት ይመለሳል። «ቫይራል ሎድህ አይታይም» የሚለው መልካም ዜናም «ድነሃል» ማለት አይደለም። መድኃኒቱ እየሠራ ነው፣ በግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አታስተላልፍም ማለት ነው። ለባልና ሚስት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የዘጠኝ ቀኑን ልጅ ጉዳይ ልጨርስ። መልሼ ጻፍኩለት። አራት ጊዜ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ቀን አወጣን፦ ስድስት ሳምንቱ የሚሞላበትና ዘጠናው ቀን የሚሞላበት። እስከዚያ ኮንዶም። እጮኛ እንዳለችውም የነገረኝ መጨረሻ ላይ ነው።

በውስጥ መስመር ስትጽፉልኝ ሦስት ነገር ብቻ ንገሩኝ፦ የተጋለጣችሁበት ቀን፣ የተመረመራችሁበት ቀን፣ ምርመራው በጣት፣ በድድ ወይም ከደም ሥር በተወሰደ ደም መሆኑን። ስማችሁን አትጻፉ፣ የሌላውን ሰው ስምም እንዲሁ። ከተጋለጣችሁ 72 ሰዓት ካልሞላ ግን የእኔን መልስ አትጠብቁ፤ አሁኑኑ ቅርባችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱና «ፔፕ ፈልጌ ነው» በሉ። በመንግሥት ጤና ተቋም ምርመራውም መድኃኒቱም በነፃ ነው።